አጭሯ ጥቁር ገመድ እና የሶፊያ ሠርግ

ስለ ሃርድ ዲስክ ገጠመኝ የሚጽፍ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እነሆ እኔ አለሁ። ሰው ከጅብ ያመለጠበትን፣ ፓስፖርቱ ጠፍቶበት ያለቀሰበትን ሲጽፍ አንብቤያለሁ። የእኔ ግን ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት ዕቃና አንድ ስንዝር የምታክል ገመድ ናት። ሳቁብኝ ግድ የለም፤ እስከ መጨረሻው ግን ታገሡኝ።

ሀዋ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ቪዲዮ ቤት አለኝ። ሠርግ እቀርጻለሁ፣ ራሴው አቀናብራለሁ። ሰባት ዓመት አረብ አገር ሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ፣ ሌሎቹ ወርቅና ብርድ ልብስ ይዘው ሲመጡ እኔ ካሜራና ላፕቶፕ ይዤ መጣሁ። ጎረቤቱ ሁሉ አባቴን፣ "ልጅህ ፎቶ ልታነሳ ነው ሰባት ዓመት በበረሃ የተቃጠለችው?" ሲለው፣ "እኔ መረብ ጥዬ ዓሣ ሳወጣ ማን ጠየቀኝ? እሷም በካሜራዋ ሰው ታውጣ" ብሎ መለሰ። አባቴ ይማም ዕድሜውን ሐይቁ ላይ የጨረሰ ዓሣ አጥማጅ ነው። አሁን ጉልበቱ ስለደከመ በሱቄ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ የሰው መረብ ይጠግናል፣ በስልኩ መንዙማ ያዳምጣል፣ ሳልጠይቀው ደግሞ የእኔን ሥራ ይቆጣጠራል።

አንድ ጥፋቴን ላውጣው። ያኔ ምርቃት እቆርጥ ነበር። የወሎን ሠርግ የሚያውቅ ሰው የምርቃቱን ርዝመት ያውቀዋል። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው አንዴ ከጀመሩ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ መንገደኛውን፣ ያልተወለደውን ሳይቀር መርቀው ነው ወደ ሙሽራዋ የሚደርሱት። ድንኳኑም ለእያንዳንዱ አሚን ይላል። እኔ ከዚያ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አስቀርና የቀረውን በዘፈን እሸፍነዋለሁ። ለምን ሲሉኝ፣ "ተመልካች ይሰለቻል" ነበር መልሴ። እውነተኛው ምክንያት ሌላ እንደሆነ ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር።

ሠርጓን የቀረጽኩላት ሶፊያ የተዳረችው ከውጫሌ በላይ ካለ የአምባሰል መንደር፣ እሑድ ቀን ነው። እናቷ እትዬ መዲና አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ልጅቷን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ለሠርጉ ልምጣ ብትል አሠሪዎቿ አለቀቋትም። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ገና ስከፍት የድምፅ መልእክቷ ስልኬ ላይ ቆየኝ።

"ሀዋዬ፣ እንደምን አደርሽ? አባትሽ ደኅና ናቸው? እንግዲህ ሶፊያዬ ሳልመርቃት ወጣች። እናት ልጇን ከደጇ መርቃ ካላወጣች ምኑን እናት ሆነች? አሁን በስልክ ብመርቃትም ከወጣች በኋላ ነው፣ አንጀቴን አያርሰውም። አፈር ስሆን፣ ዘፈኑን ብትቆርጪው አይከፋኝም። ሽማግሌዎቹ የመረቋትን ግን አንዲት ቃል እንዳትነኪብኝ። እዚህ ሆኜ ለእያንዳንዱ አሚን እላለሁ።"

ቀነ ገደብም ነበረው። ጎረቤታችን ከድጃ ለዕረፍት መጥታ ሐሙስ ጠዋት ወደ ጅዳ ልትመለስ ነው፤ ፊልሙን የምታደርሰው እሷ ናት። እትዬ መዲና ነፃ የምትሆነው አርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ቅዳሜ አሠሪዎቿ ይዘዋት ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፤ ከዚያ መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ የለም። የሦስት ሰዓት ፊልም በእኛ ኔትወርክ እልካለሁ ማለት ደግሞ ሐይቁን በማንኪያ እቀዳለሁ ማለት ነው።

ተቀመጥኩና ከፈትኩት። ሁለት ካሜራ በስታንድ አቁሜ ሦስተኛውን በእጄ ይዤ ነው የቀረጽኩት፣ ያውም ካሜራዎቹ በሚችሉት ከፍተኛ ጥራት። ላፕቶፔ ውስጥ ቦታ ስለሌለ ሁሉንም ያስቀመጥኩት የቆየው ሃርድ ዲስኬ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ውስጡ እየተሽከረከረ የሚያነብ ዓይነት ነው፤ አስቀምጥ ሲሉት ጎበዝ፣ ሦስት ካሜራ ባንድ ጊዜ አምጣ ሲሉት ግን እንደ ግትር አህያ አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል። የሽማግሌው እጅ ይነሳል፣ አየር ላይ ይቀራል፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ይወርዳል። እስከ ረፋድ ታግዬ የአምስት ደቂቃ ሥራ አልሠራሁም። በዚህ አያያዝ ለሐሙስ ቀርቶ ለሚቀጥለው ረመዳንም አይደርስም።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ደሴ ወረድኩ።

የዕቃ ቤቱ ባለቤት ረጋ ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ ነው። "ስንት ቴራ?" አለኝ። እኛ አገር ሃርድ ዲስክ የሚጠየቀው እንደ እህል ነው፤ ስንት ኩንታል ይይዛል ነው ነገሩ። ሁለት ዕቃ መስታወቱ ላይ አስቀመጠልኝ። አንደኛው ወፍራም፣ ባለ አራት ቴራ። ሌላዋ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ባለ አንድ ቴራ ኤስኤስዲ። ዋጋቸው እኩል ነው።

"ወንድሜ፣ እያሾፍክ ነው? አራት እጥፍ የሚይዘውን ትቼ ይቺን ልግዛ?"

"ለምን ሥራ ነው?"

"ቪዲዮ ላቀናብርበት። ሦስት ካሜራ ባንዴ።"

"እህቴ፣ ይሄ ትልቅ ጎተራ ነው፣ በሩ ግን ጠባብ ነው። ያቺ ትንሽ ጎተራ ናት፣ በሯ ሰፊ ነው። ልታስቀምጪ ከሆነ ይሄን ውሰጂ። ቀኑን ሙሉ ልታወጪ ልታስገቢ ከሆነ ግን በሩን ነው የምታዪው።"

"በሴኮንድ ስንት ታነባለች?"

መነጽሩን አወረደ፤ ጥያቄው ደስ አለው መሰለኝ። ካርቶኗን ከፍቶ፣ ከውስጧ አጭር ጥቁር ገመድ አውጥቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አሳየኝ። ከአምስት መቶ ሜጋ ባይት በላይ። የእኔ አሮጌ መቶ ከደረሰ ሠርግ ነው። "ውስጧ የሚዞር ነገር የለም። ብትወድቅ እንኳ ቶሎ አትበላሽም" አለኝ። ዓይኔ ባለ አራት ቴራው ላይ እየቀረ ትንሿን ይዤ ወጣሁ።

አባቴ መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላበጣት። "ለዚች ነው ደሴ የወረድሽው? ዓሣ ብትሆን መልሼ ውኃ ውስጥ እጥላት ነበር።"

"አባባ፣ በመጠኗ አትናቃት።"

"እኔ ምን አገባኝ፣ ያንቺ መረብ ነው።"

ማታውን ከአሮጌው ወደ አዲሷ እንዲገለብጥ ትቼው ተኛሁ። ማክሰኞ ማለዳ ጨርሶ ነበር። ጓዳ ገብቼ ቁርስ አሰናድቼ፣ ከአባቴ ጋር በልተን፣ ቢስሚላህ ብዬ ሥራውን ከፈትኩ። የሽማግሌው እጅ ተነሳ። አየር ላይ ቀረ።

ዘግቼ ከፈትኩት። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ፍጥነቷን ስለካት አርባ እንኳ አትሞላም፤ ከአሮጌውም ብሳለች። ያን ባለ መነጽር ሰውዬ በልቤ ያላልኩት ነገር የለም። አጭበርባሪ አልኩት፣ ሌባ አልኩት። ለካ ያ ሁሉ የጎተራ ተረት እኔን ለማታለል ነው! ደወልኩ፣ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ይሄማ ሸሽቶኛል አልኩ።

"ምን ሆነሻል?" አለ አባቴ ከበሩ ላይ።

"ተታለልኩ፣ አባባ። የውሸት ዕቃ ሸጠልኝ።"

"አብሽሪ፣ ሰው ሳትሰሚ አትፍረጂ" አለና ወደ መረቡ ተመለሰ።

ስልኩን ለማያነሳ ሰው ብዬ ደሴ ደርሼ ብመለስ ግማሽ ቀን ይበላብኛል። ስለዚህ ሌላ መላ ዘየድኩ። ምስል ከባድ ነው እንጂ ድምፅ ቀላል ነው፤ የትኛውም ሃርድ ዲስክ ሳይንገዳገድ ያነበዋል። ምስሉን ዘግቼ ድምፁን ላስተካክል አልኩ። በሙያዬ ይህን አድርጌ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ አይቼ ነው የምቆርጠው፣ ሰምቼ አላውቅም።

ኤርፎኑን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የሶፊያን የልብስ ማይክ ከፈትኩ። ለኒካሁ ብዬ ደረቷ ላይ የሰካሁላት ትንሽ ማይክ ናት፤ ከዚያ ማውጣቱን ረስቼው ነበር። መጀመሪያ የልብሷ ኮሽታ ይሰማል፣ ቀጥሎ ትንፋሿ። ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ድንኳኑ አሚን ይላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቹ አሜን ሲሉ ሙስሊሞቹ አሚን ሲሉ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ያምራል። ከዚያ ሁሉ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። ከማድጋ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ።

የአክስቷ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ደግሞ መጣ። መልሼ ከፍ አደረግኩት።

"...ወልደሽ ሳሚ..."

አሚን፣ አለ ድንኳኑ።

"...ደጅሽ እንግዳ አይጣ፣ ጓዳሽ እህል አይጣ..."

አሚን።

"...እኔን ያራቀኝ አንቺን አያርቅሽ፣ ልጄ። እኔን ያራቀኝ አንቺን አያርቅሽ።"

አሚን።

ኤርፎኑን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ድምፁን አወቅሁት፤ ትናንት ጠዋት በስልኬ የሰማሁት ድምፅ ነው።

ለሶፊያ ደወልኩላት። ሙሽራ ናት፣ አፍራ በሹክሹክታ ነው የምታወራው። "ሶፊያዬ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁሽ እናትሽ ስልክ ላይ ነበረች እንዴ?"

"በማን ሰማሽ?" አለችኝ። "ወላሂ ለማንም አልነገርኩም። ከመውጣቴ በፊት ደወልኩላት። ምስሉ እምቢ ሲል በድምፅ ብቻ አድርጌ ቀሚሴ ውስጥ ደረቴ ላይ ከተትኳት። እማ እንድትሰማ ብዬ ነበር። ግን እሷ ጫጫታ ብቻ ነው የሰማሁት አለችኝ። እኔም የሷን ድምፅ አልሰማሁም፣ ሰዉ ይጮሃል። መረቅሁሽ፣ ግን ማን ሰምቶኝ፤ እንዳልመረቅሁሽ ነው ብላ አለቀሰች።"

"ማይኩ ሰምቷታል" አልኩ።

"ምን?"

"ማይኩ ከስልኩ ጋር ጎን ለጎን ነበር። እናትሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መርቃሻለች፣ ሶፊያ። ሰምቼ ነው የምነግርሽ።"

ለቅሶዋ ሹክሹክታውን አስረሳት። "ሀዋ፣ ለእማ አሁን እንዳትነግሪያት። ታየው። እያየች ትስማው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቆርጬ በስልክ መላክ እችል ነበር። ግን በስልክ የጠፋባትን ነገር በስልክ ብመልስላት ማን ነበረ፣ ማን አሚን አለ፣ እንዴት ታውቃለች? ድንኳኑ መሐል ቆማ ነው ማየት ያለባት። ለዚያ ደግሞ ሦስቱ ካሜራና የማይኩ ድምፅ ከንፈር ለከንፈር መግጠም አለባቸው፤ በሚንገዳገድ ምስል ይህ አይሆንም።

የዚያን ቀን እኔም አለቀስኩ፣ አልዋሽም። አረብ አገር ስሄድ እናቴ ያኔ የቤታችን ደጅ በነበረው በዚሁ ሱቅ በር ላይ ቆማ መርቃኛለች። ስመለስ አልነበረችም፤ የቀበሯት እኔ የሰው ወለል እየወለወልኩ ነው። ምርቃት ሲረዝም መቀስ የማነሳው ለካ ተመልካች እንዳይሰለች አልነበረም። እኔ ላለመስማት ነው። ይህን ለራሴ ስነግረው ገና የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሰውዬው ስልኩን አነሳ። "ይቅርታ እህቴ፣ ትናንት ለቀብር ገጠር ነበርኩ" አለኝ። የሰደብኩትን ሁሉ በልቤ መልሼ ዋጥኩት። ችግሬን ነገርኩት።

"የራሷን ገመድ ነው የሰካሽባት?"

"እና የማንን ልሰካባት?"

"አጭር ጥቁር ናት። እስቲ እያት።"

ዞሬ አየሁ። ከላፕቶፔ እስከ ትንሿ ዕቃ ድረስ፣ ጠረጴዛውን ዞራ የተዘረጋችው ገመድ ረጅም ነጭ ናት። የስልክ ቻርጀር ገመድ! ማክሰኞን ሙሉ ዓይኔ ሥር ተጋድማ አላየኋትም።

"እሱ ለቻርጅ የተሠራ ነው" አለ ሰውዬው በስልኩ ውስጥ እየሳቀ። "በሩን አስፍተሽ መንገዱን አጠበብሽው።"

"አባባ!" ብዬ ጮህኩ።

አባቴ መረቡን እንደያዘ ብቅ አለ። ስልኩ ከደረት ኪሱ ወጥታ በአጭር ጥቁር ገመድ ከፓወር ባንክ ጋር ተያይዛለች፤ መንዙማው ቀስ ብሎ ይሰማል።

"ይቺ ገመድ ከየት መጣች?"

"ካንቺው ናት። ማክሰኞ ጠዋት አንቺ ጓዳ ሆነሽ ባየው ያች አዲሷ ዕቃሽ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላለች። መንጠቆ ላይ እንዳለች ዓሣ። አዘንኩላት። ገመዷ አጭር ሆኖ ነው ብዬ የራሴን ረጅሙን ለአንቺ ጀባ አልኩ። ይቺ አጭሯ ለእኔ ትበቃኛለች፤ ኪስ ውስጥም አትጠላለፍም። ምነው? ጫፋቸው አንድ ዓይነት ነው እኮ።"

ከራሱ የተሻለውን ነው የሰጠኝ። እየሳቅሁ ግንባሩን ሳምኩትና ገመዴን ተቀበልኩት። ግራ ገብቶት ቆሞ አየኝ።

ሰካኋት። የሽማግሌው እጅ ተነሳ፣ ወረደ፣ ተነሳ። ሦስቱም ካሜራ ባንድነት ይፈሳሉ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ "አሃ፣ ለካ ዓሣዋ ትልቅ ናት" አለ።

ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። የማይኩን ድምፅ ከካሜራዎቹ ጋር ሳጣጥም ደግሞ በሠርጉ ዕለት በእጄ ቀርጬው ያላየሁትን አየሁ። ሶፊያ በምርቃቱ ሁሉ ግራ እጇን ደረቷ ላይ ጫን አድርጋለች። የዚያን ቀን ሴቶቹ፣ "ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ዓይነ አፋር ሙሽራ ናት" ሲሉ ሰምቻለሁ። ዓይነ አፋርነት አልነበረም። እናቷን ይዛ ነው። ምስሉን እዚያ እጅ ላይ አቆየሁት፣ የእትዬ መዲናን ድምፅ ከፍ አደረግኩ፣ ከምርቃቱም አንዲት ቃል አልነካሁም። አርባ ሦስት ደቂቃ ሙሉ።

ሐሙስ ጠዋት ከድጃ ሚኒባስ ስትሳፈር ፊልሙን የያዘውን ፍላሽ በመሐረብ ጠቅልዬ ሰጠኋት። "ከበርበሬው ጋር ልክተተው?" አለችኝ ልታናድደኝ። "ከልብሽ ጋር ክተቺው" አልኳት።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሥራችሁ ቪዲዮ ከሆነ ልምከራችሁ። ስንት ቴራ ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስንት ትፈጥናለች በሉ። ገመዷን ደግሞ ከሚወዷችሁ ሰዎች ደብቁ፤ እኔ የእሷን ጫፍ በቀይ ክር አስሬያታለሁ፣ አባቴም "ባለ ክሯን አልነካም" ብሎ ምሏል። ሥራችሁ ቪዲዮ ካልሆነም የምነግራችሁ አለኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ ዕቃዬ የቱንም ያህል ብትፈጥን፣ ማንኛውንም ሠርግ ከመቁረጤ በፊት ምስሉን ዘግቼ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ። ደንበኞቼ ፊልምሽ ረዘመ ይሉኛል። ይርዘም። ያቺ ገመድ ባትቀየርብኝ ኖሮ እኔ ማክሰኞ ረፋድ ላይ በዓይኔ ብቻ አይቼ፣ የሶፊያን ማይክ ከኒካሁ በኋላ ቆርጬ ጥዬ ጨርሼ ነበር፤ የአንዲት እናት ምርቃት ከእኔ መቀስ ሥር እንደወደቀ ሳላውቅ እሞት ነበር። ከዚያ በፊት የቆረጥኳቸውን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ልመልሳቸው አልችልም።

የዚያን ሳምንት አርብ፣ አስር ሰዓት ገደማ የእትዬ መዲና መልእክት መጣ። አባቴም እንዲሰማ ስልኩን ከፍ አድርጌ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ሀዋዬ... ቆይ እስቲ። ያ የእኔ ድምፅ ነው? እኔ እኮ ለግድግዳ የመረቅሁ መስሎኝ ነበር። 'እኔን ያራቀኝ አንቺን አያርቅሽ' ስል ድንኳኑ ሙሉ አሚን አለ። ለሽማግሌው ነው ያሉት፣ አውቃለሁ፣ ግን የእኔ ላይ ነው ያረፈው። ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ሰዉ ሁሉ አሚን ብሎኛል፣ ሀዋዬ። ልጄን መርቄ ነው ያወጣኋት።"

አባቴ መረቡን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ ሁለት መዳፉን ዘረጋና፣ "አሚን" አላት።